ደብተሩን ሲይዙ ጉባኤውን አይርሱ

በቤት ውስጥ ገንዘብ በድንገት የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጅ ይታመማል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የቤት ኪራይ ይጨምራል። ደመወዝ ደግሞ ወሩ ሳይሞላ ያልቃል። በዚህን ጊዜ ዕቁብ ዕጣው ካልወጣ አይደርስም፤ ዕድርም በተለይ የሚታወቀው በሐዘን ቀን ነው። ስለዚህ የቸገራት እናት ወደ አራጣ አበዳሪ ታመራለች።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አብረን እናስላው። 5,000 ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ቢበደሩ በየወሩ 500 ብር ይከፍላሉ። በዓመቱ 6,000 ብር ከቤትዎ ይወጣል፤ ዋናው ዕዳ ግን እንዳለ ነው። ይኸው 500 ብር በየወሩ ተቆጥቦ ቢሆን ኖሮ 6,000 ብር የራስዎ ጥሪት ይሆን ነበር።

የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን አገር ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን በ1864 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን የብድር ማኅበር ለገጠር ነዋሪዎች አቋቁሞ ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያውን መሠረቱ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባላት ዕጣ ይገዛሉ፤ በየወሩ ይቆጥባሉ፤ ከተጠራቀመውም በተራና በዋስ ይበደራሉ። ቤት ወይም መኪና የምታስይዘው የሌላት ሠራተኛ ቁጠባዋና የሥራ ባልደረቦቿ ዋስትና ይሆኗታል። የሚከፈለው ወለድም ወጪው ተቀንሶ ለራሳቸው ለአባላቱ ይመለሳል። በየጓዳው ተበታትኖ የሚቀረው ጥቂት ብር በዚህ ዓይነት ተሰብስቦ ለጉልት ንግድ፣ ለልብስ ስፌት መኪና፣ ለቤት ማደሻ ይውላል። የአገር ኢኮኖሚ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ አይደለም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ባንኮችንና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ግን በኅብረት ሥራ አዋጅ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 985/2009፣ የሚመሩ ሲሆኑ የሚመዘግባቸውና የሚከታተላቸው የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድም የታሰበው ለባንኮችና ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት አስቀማጮች ነው። እንግዲህ የማኅበሩ ኮሚቴ ለዘመድ አዝማድ ያለ ዋስ ቢያበድርና ገንዘቡ ቢጠፋ፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በእርስዎና በጓደኞችዎ ላይ ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያዋ ተቆጣጣሪ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማኅበሩ የምዝገባ ምስክር ወረቀት አለው? የዘንድሮው ሒሳብ ተመርምሯል? ብድር ወስደው በጊዜው ያልከፈሉ ስንት ናቸው? ከትርፉ ለመጠባበቂያ ምን ያህል ተቀምጧል? እነዚህን መጠየቅ ሐሜት አይደለም፤ የባለቤትነት መብት ነው።

ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ «የቤት ሥራ አለብኝ፣ እነሱ ይጨርሱት» ብለው የሚቀሩ እናቶች ብዙ ናቸው። ሕጉ ግን ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ዕጣ ያለውም ሆነ ሊቀ መንበሩ ከእርስዎ የበለጠ ድምፅ የለውም። ልጁን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ የቁጠባ ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ከማኅበሩ መዝገብ ጋር መስማማቱንም በዚያው ያረጋግጡ።