የአዲስ አሣ ገንዳን ዕጣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ይወስኑታል

በከተማ አሣ ለማርባት ሰፊ ኩሬ መቆፈር ግድ አይደለም። እንደ መስቀል ፍላወር ባሉ፣ ቤትና ሕንፃ ተጠጋግቶ በተሠራባቸው የአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ መንደሮች ለኩሬ የሚሆን ትርፍ መሬት ማግኘት ይከብዳል። ያለው አማራጭ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሮቶ ወይም የመስታወት ገንዳ ነው። በዚህ መልክ የሚጀምር አርቢ ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ጥርት ብሎ የሚታይ አዲስ ውኃ ለአሣ መርዝ ሊሆን ይችላል።

አሣ በመተንፈሻ ስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ መኖና ዓይነ ምድሩም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው፣ በጠጠሩና በግድግዳው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያና ናይትራይት አሣ ይገድላሉ፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን ለዕፅዋት ምግብ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና የሉም። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ ሁሉ ገንዳውም ያለ እነርሱ ራሱን ማጽዳት አይችልም።

ባክቴሪያዎቹ በሞቃት ውኃ ተራብተው ሥራ እስኪጀምሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ። በቅዝቃዜ ከዚህም ይዘገያል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለባክቴሪያውም ሆነ ሙቀት ለሚወደው ቆሮሶ አመቺ ስላልሆነ ከየካቲት ጀምሮ ያሉት ሞቃት ወራት ይመረጣሉ። ገንዳውን በላስቲክ መሸፈንም ይረዳል።

መኖን መመጠን

የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ የአርቢው ደግነት ነው። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው 100 ግራም መኖ ተበልቶ ሲያልቅ 3 ግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ያስገኛል። ይህ 1 ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ ሲበተን በሊትር ወደ 3 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በዚህ የመጀመሪያ ወቅት ግን አሞኒያው በሊትር ከግማሽ ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ በጥቂት ጫጩት መጀመር፣ ከ5 እስከ 10 ግራም መኖ ቀን እየዘለሉ መስጠትና ያልተበላውን ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል።

ውኃውን በመመርመሪያ ኪት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መለካት ተገቢ ነው። አሞኒያ ወይም ናይትራይት ከግማሽ ሚሊ ግራም ሲያልፍ ከውኃው 20 በመቶውን መቀየር ይገባል። ለ1 ሺህ ሊትር ሮቶ ይህ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የታከመ በመሆኑ አሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ስለዚህ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ ክፍት ሆኖ፣ እየተማሰለ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ማጣሪያም በቧንቧ ውኃ አይታጠብም፤ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል።

አሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር የሚጎርስ፣ ስንጥቡም ቡናማ የሆነ እንደሆነ ናይትራይት ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎታል ማለት ነው። ውኃውን ከመቀየር በተጨማሪ በ1 ሺህ ሊትር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም የገበታ ጨው መጨመር ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል።

ኦክስጅንና መብራት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃዋ የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይሻማሉ። አየር መንፊያው መብራት በጠፋ ቁጥር ከቆመ አሣውም ባክቴሪያውም አብረው ይጎዳሉ። በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ከሌለ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ጊዜ ይገዛል።

ጊዜውን ለማሳጠር የሚረዳው ዘዴ ከቆየና ጤናማ አሣ ካለበት ገንዳ እርጥብ ጠጠር ወይም የማጣሪያ ስፖንጅ ማምጣት ነው። ይህ የገንዳው እርሾ ነው። አሣው ታሞ ከሚያውቅ ገንዳ ግን መውሰድ በሽታ መግዛት ነው። ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ለጎመንና ለሰላጣ ጥሩ ማዳበሪያ ሲሆን፣ ጨው የተጨመረበት ከሆነ ግን አትክልት ላይ መፍሰስ የለበትም።

ለባለሙያዎችና ለኃላፊዎች

ጫጩት የሚያሠራጩ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች አንድ አርቢ የሚደርሰውን ጫጩት በሁለት ዙር ቢሰጡት ኪሳራውን መቀነስ ይቻላል። በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ተሰጥቶ፣ አሞኒያና ናይትራይት በተከታታይ ልኬት ዜሮ ሲሆኑ ቀሪው ይሰጣል። ለአንድ መንደር አርቢዎች በጋራ የሚያገለግል አንድ መመርመሪያ ኪት መመደብም ከሞቱ በኋላ ጫጩት ከመተካት ይረክሳል። ክትትሉም የተሠራጨውን ብቻ ሳይሆን ከስድስት ሳምንት በኋላ በሕይወት ያለውን መቁጠር ይኖርበታል። በአሣ እርባታ ላይ የሚሠሩት የሰበታና የባሕር ዳር የምርምር ማዕከላት ለባለሙያዎች የምክር ምንጭ ናቸው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ገንዳውን በመጀመሪያው ቀን በአሣ መሙላት ዋጋ ያስከፍላል። አሣ አርቢ ለመሆን የተነሳ ሰው በእነዚህ ስድስት ሳምንታት የሚያረባው ባክቴሪያውን ነው፤ አሣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።