ፓፓያውን አጣሞ ሰርዶውን የማረ መርጫ

ባለፈው ዓመት ከአዋሽ ወደ ሰመራ፣ ልጄ ቤት ስሄድ፣ ለልጅ ልጄ አራት የፓፓያ ችግኞች ይዤለት ሄድኩ። በዚያ ሐሩር በግቢ ውስጥ ጥላና ፍሬ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ልጁም ጠዋት ማታ ውሃ እያጠጣ እስከ ወገቡ አደረሳቸው።

አንድ ቀን ቅጠላቸው ላይ ተባይ ታየ። አባቱ ከጎረቤት የጀርባ መርጫ ተውሶ የሳሙና ውሃ ረጨላቸው። በሳምንቱ ቅጠሎቹ ተጠማዘዙ፣ ለጋው ግንድ ጎበጠ። ልጁ ደውሎ፣ “አባባ፣ ምን በድያቸው ነው?” ሲለኝ መልስ አጣሁ። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ከሥራቸው ያለው ሰርዶ እንደለመለመ ነው።

ምሥጢሩን የነገረኝ አንድ የግብርና ባለሙያ ነው። መርጫው ቀደም ሲል በበቆሎ ማሳ ላይ ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረም ተረጭቶበት ነበር፤ በውሃ ብቻ ነው የተለቀለቀው። ቱፎርዲ የዕፅዋትን የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ይሠራል። ቅጠለ ሰፊ አረምን ያለ ቅጥ አሳድጎ ይገድላል፤ ስንዴን፣ በቆሎንና እንደ ሰርዶ ያለውን ሣር ግን በታዘዘው መጠን እምብዛም አይጎዳም። ፓፓያ፣ ወይን፣ ቲማቲምና የአዋሽ ሸለቆው ጥጥ ቅጠለ ሰፊ ናቸው። ኬሚካሉ አረምን ከፍሬ አይለይም። ጠንካራ አረም የማይገድል ቅሪት እንኳ ፓፓያን ያጣምማል።

ግላይፎሴት ደግሞ ሣሩንም ቅጠለ ሰፊውንም ይገድላል፤ ከቅጠል ወደ ሥር ይወርዳል። መጠኑ ሲያንስ አረሙ ያገግማል፤ ሲበዛ ገንዘብ ይባክናል፣ ለፍሬ ተክሉም አደጋው ይጨምራል። ያደገ ማንጎን ወፍራም ቅርፊቱ በመጠኑ ይከላከልለታል፤ ግንዱ ገና አረንጓዴ የሆነ ችግኝ ግን መድኃኒቱን ይመጠዋል።

ስለዚህ መጠኑን በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ፣ በመያዣው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ። የፀረ አረም መርጫ ምልክት ይደረግበትና ለሌላ አይዋል። ነፋስ ሲኖርና በቀትር ሐሩር አትርጩ። ከሁሉ በላይ፣ የተረፈውን በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ የተጠማ ልጅ ጠርሙስ እንጂ መርዝ አይታየውም። የእኛ ጥፋት በፓፓያ ማብቃቱ ተመስገን ነው።

የልጅ ልጄ አዲስ ችግኞች ተክሏል። ሰርዶውን አሁን በእጁ ይነቅላል።