ከጣርማ በር ቁልቁል፦ የይፋትን ጥሩ ምግብ እንዴት እናገኛለን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በሱረቱል ከህፍ የተወሱት የዋሻው ወጣቶች ከረዥም እንቅልፋቸው ሲነቁ ምግብ መፈለግ ነበረባቸው። ከመካከላቸው አንዱን ብር አስይዘው ወደ ከተማ ላኩት። አደራም ጣሉበት። ከከተማው ምግብ ይበልጥ ንጹሕ የሆነው የትኛው እንደሆነ አይቶ እንዲያመጣ፣ ሲሄድም በለዘብታ እንዲሆን ነገሩት (ምዕራፍ 18፣ አንቀጽ 19)። እዚህ ላይ የገባውን «አዝካ» የሚለውን ቃል ሙፈሲሮች በተለያየ መንገድ አብራርተውታል። ከፊሎቹ ይበልጥ ሐላል የሆነው፣ ከፊሎቹ ይበልጥ ጥሩና ጣፋጭ የሆነው፣ ሌሎች ደግሞ በብዛት የሚገኘው ማለት ነው ብለዋል።

እኛም መንገድ ላይ ሲርበን የምንፈልገው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐላል ይሁን፣ ይጣፍጥ፣ ኪስም አይጉዳ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ለምትመላለሱ ወንድሞችና እህቶች ነው። ለዒድ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግድ ወደ ወሎ ስንወርድ ብዙዎቻችን ምሳችንን ሸዋ ሮቢት ላይ እንበላለን። የምናዘውም ያው የምናውቀውን ነው፤ ጥብስ፣ ፓስታ፣ ሩዝ። አዲስ አበባ የበላነውን ሮቢት ላይ ደግመን በልተን እንሄዳለን። ከዚያም ሰው ሲጠይቀን «እዚያ ይሄ ነው የሚባል ምግብ የለም» እንላለን።

ምግቡ ግን አለ። የት እንዳለ አንድ አጋጣሚ አሳይቶናል።

ጓዳ ውስጥ ያየነው

አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ላይ ለዙህር ሶላት ወርደን፣ ሰግደን ስንወጣ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ያለውን ነገረን፤ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፓስታ። ጥብስ አዘዝን። ሥጋው ጠነከረብን፤ እንጀራውም ያደረ ነበር። እጃችንን ልንታጠብ ወደ ጓሮ ስንዘልቅ ወጥ ሠሪዎቹ ክብ ሠርተው ምሳ ይበላሉ። ከፊታቸው ትኩስ የማሽላ እንጀራ፣ በላዩ የማሾ ወጥ፣ ከጎኑ ቃሪያና ጥሬ ሽንኩርት አለ።

«እትዬ፣ ይሄን ለምን አትሸጡልንም?» ስንላቸው ትልቋ ሴት ሳቁ። «ልጆቼ፣ የአዲስ አበባ ሰው ማሽላ ይበላል እንዴ? ማን ጠይቆን ያውቃል!» አሉን። ከዚያም «ኑ፣ ቢስሚላህ በሉ» ብለው ቦታ ለቀቁልን። የዚያን ቀን ከከፈልንበት ይልቅ ያልከፈልንበት ጣፈጠን።

«ማን ጠይቆን ያውቃል» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከጆሯችን አልጠፋም። ምግብ ቤት የሚሠራው እንግዳው የሚጠይቀውን ነው። ማንም የማይጠይቀው ምግብ ጓዳ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የይፋትን ምግብ ለማግኘት መጀመሪያ ምን ብለን እንደምንጠይቅ ማወቅ አለብን።

ዋሻው ሁለት አገር ይለያል

ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን አልፎ የሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ከፍታ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተቦርቡሮ የተሠራውን ዋሻ ካለፍን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጋቢ ተከናንቦ ዋሻውን ያለፈ ሰው ሮቢት ላይ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል።

ምግቡም አብሮ ይለወጣል። ከዋሻው በላይ ያለው አገር የገብስ፣ የባቄላና የመንዝ በግ አገር ነው። እዚያ መጠየቅ ያለብን ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቂንጬ፣ የባቄላ እልበትና በሰናፍጭ የሚሠራውን ስልጆ ነው። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ አይገባም። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ የወጣ ነው፤ ለመንገደኛም ከብስኩት የተሻለ ስንቅ ነው።

ከዋሻው በታች ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል። ወደ አፋር ሲጠጉ ደግሞ ፍየልና ግመል ይበዛል። ይህ የዛሬ ብቻ አይደለም። ይፋት ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወላስማዎች ሡልጣኔት መቀመጫ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1301 እስከ 1349 የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ የይፋትን ሕዝብ እህልና ፍሬም አንስቷል። ስንዴ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሸንኮራ አገዳና ሙዝ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እኛ ዛሬ የምናፍርበት ማሽላ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በመጽሐፍ ላይ ሰፍሯል ማለት ነው።

ምን ብለን እንዘዝ?

*የማሽላ እንጀራ።* ብዙ ሰው «ማሽላ ይደርቃል» ብሎ ይሸሸዋል። እውነት አለው፤ የማሽላ እንጀራ ካደረ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። በተጋገረበት ቀን የተበላ እንደሆነ ግን ለስላሳ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ ወጥም ይሸከማል። ስለዚህ ጥያቄያችን «የዛሬ ማሽላ እንጀራ አለ?» መሆን አለበት። «የዛሬ» የምትለዋን ቃል አንርሳ። በጥቅምት አካባቢ የሚያልፍ ሰው የማሽላ እሸት፣ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠውንም ጢንቅሽ ቢፈልግ አይቆጭም።

*ማሾ።* ማሾ ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ ናት። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ገበሬው በሰፊው ያመርታታል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ትሸጣለች፤ ህንድንና ኢንዶኔዥያን ወደመሳሰሉ አገሮችም ትላካለች። ውጭ አገር የሚፈልጋትን እኛ በበቀለችበት ከተማ ተቀምጠን አናዛትም። ማሾ እንደ ምስር ቶሎ ትበስላለች። በቀይ ወጥ፣ በአልጫ፣ በሾርባ ወይም በንፍሮ ትቀርባለች። ሥጋ ስለሌለባትም ስለ እርዱ የሚጨነቅ ሰው ሳይጠራጠር ይበላታል።

*የቆላ ፍየል።* ጥብስ ካልበላን የምንል ከሆነ እንኳ ሮቢት ላይ የበሬ ጥብስ ማዘዝ ዕድል ማባከን ነው። በቆላ ቁጥቋጦ ላይ ያደገ የፍየል ሥጋ ሌላ ጣዕም አለው። ቅቅሉን ደግሞ ከነመረቁ መጠየቅ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አዋዜ በአንዳንድ ቤት በጠጅ ወይም በአረቄ ይበጠበጣል። «አዋዜው በምን ተበጠበጠ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

*ወተትና ሆጃ።* በወይራ የታጠነ እርጎ፣ ወደ አፋር በቀረበ ገበያ ደግሞ የግመል ወተት ይገኛል። ሆጃ ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል ተፈልቶ ወተት የሚጨመርበት መጠጥ ነው። በወሎ ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። የግመል ሥጋ ያገኘ ደግሞ አንድ የፊቅህ ጉዳይ ያስታውስ። ኢማም አሕመድ በሐዲስ ተመርኩዘው የግመል ሥጋ የበላ ሰው ዉዱእ ያድርግ ይላሉ፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች ግን ግዴታ አይደለም ብለዋል። መንገደኛ ዉዱኡን ቢያድስ ከልዩነቱ ይወጣል።

የትና መቼ?

አንደኛ፣ የገበያ ቀንን ማወቅ ነው። በአጣዬ አቅራቢያ የሚገኘው የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል። አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። በገበያ ቀን የሚበስለው ምግብ የአገሬው ሰው የሚበላው ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚበላውም ትኩስ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዙህር በኋላ መስጂድ አካባቢ ያሉትን አነስተኛ ምግብ ቤቶች ማየት ነው። ሰጋጁ ወዴት እንደሚገባ ተከትሎ መግባት ከምልክት ሰሌዳ የተሻለ ይመራል።

ሦስተኛ፣ ቀድሞ መንገር ነው። ሲወርዱ ያገኙትን የምግብ ቤት ባለቤት «ከነገ ወዲያ ስንመለስ አምስት ሰዎች ነን፤ ማሽላና ማሾ ይዘጋጅልን» ብሎ ቁጥር መለዋወጥ ነው። እኛ የሞከርነው ይህ መንገድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ አላሳፈረንም።

አራተኛ፣ የጾም ቀናትን ማስተዋል ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ወቅት የክርስቲያን ምግብ ቤቶች ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ያበስላሉ። ምርጡን ሽሮ፣ እልበትና ስልጆ የምናገኘው በእነዚህ ቀናት ነው።

ሐላሉን በለዘብታ ማጣራት

በአገራችን ሙስሊሙ የሙስሊም፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ መብላቱ የቆየ ልማድ ነው። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 5 የመጽሐፍ ባለቤቶች ምግብ የተፈቀደ መሆኑ ተጠቅሷል፤ ዑለማዎችም መስፈርቶቹን በዝርዝር አብራርተዋል። የፈትዋውን ዝርዝር ለእነሱ እንተወው። እኛ የምንናገረው ስለ አጠያየቅ ነው።

«እርዱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በፈገግታ ሲቀርብ ማንንም አያስከፋም፤ የአገሬው ሰው ለምዶታል። አንዳንዱ ተጓዥ ግን ገና ሳይቀመጥ ፊቱን አጨፍግጎ ድስት ያስከፍታል፣ ሙስሊሟን ወጥ ሠሪ እንደ ተከሳሽ ይመረምራል። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) እንደነገረችን፣ ሰዎች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው አዲስ የሰለሙ ሰዎች ሥጋ እንደሚያመጡላቸው፣ ሲታረድ የአላህ ስም ይነሣበት አይነሣበት እንደማያውቁ ጠየቁ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እነሱ ራሳቸው የአላህን ስም አውስተው እንዲበሉ ነገሯቸው። ከዚህ የምንማረው ሙስሊምን በጥርጣሬ ማስጨነቅ ሃይማኖተኝነት አለመሆኑን ነው። ግልጽ ጥርጣሬ ያለበት ነገር ላይ ደግሞ መተው ይሻላል፤ ማሾው አለልን።

ለዘብታው በዚህ መንገድ ላይ ከምግብም በላይ ዋጋ አለው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። እዚያ ድስታቸውን ዳግም የጣዱ እናቶች ብዙ ነገር አይተዋል። እኛ ከመነሣታችን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እናጣራ፤ ደርሰን ስንቀመጥ ደግሞ ሰላምታችንም አነጋገራችንም የሚያቀራርብ ይሁን።

የሌላውን ምግብ አለመናቅ

ምግብን በተመለከተ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቶ አያነውሩም ነበር። ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዉታል። በቡኻሪና ሙስሊም እንደተዘገበው የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦላቸው አልበሉትም። ኻሊድ ቢን አል-ወሊድ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሐራም ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ አለመሆኑን፣ በአገራቸው የሚበላ ነገር ስላልሆነ ግን እንዳልወደዱት ነገሩት። ኻሊድም ፊታቸው በላው። ያልለመድነውን አለመውደድ ይቻላል። ባልወደድነው ምክንያት ግን የሌላውን ሰው ማዕድ ማሳነስ አይፈቀድልንም።

በማስተማር ላይ በነበርንበት ጊዜ የቆላ ልጆች የማሽላ እንጀራ ምሳቸውን ሸፍነው ሲበሉ አይተናል። ከጤፍ እንጀራ አጠገብ ማውጣት ያፍሩ ነበር። ያንን እፍረት ያስተማርናቸው እኛ ትልልቆቹ ነን፤ እንግዳ ሆነን ስንሄድ «ጤፍ የለም ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ልጆቹ ይሰሙናል። «የዛሬ ማሽላ እንጀራ አለ?» ብለን ስንጠይቅም ይሰሙናል።

በሚቀጥለው ጉዞ ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርዱ ይህችን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። መጀመሪያ «የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ቢሆንም ጠይቁ፤ ከእናንተ በኋላ ሌላው ይጠይቃል። የሚተርፍ አትዘዙ፣ ኢስራፍ ነውና፤ የወደዳችሁትንም ለወጥ ሠሪዋ አመስግኑ። ኢንሻአላህ አንድ ቀን «ማን ጠይቆን ያውቃል» ያሉን እናት ማሽላና ማሾን ከጓዳ አውጥተው ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር ውስጥ ያስገቧቸዋል።

ወላሁ አዕለም።