የዓመቱ ወራት በቤታችን ግድግዳ ላይ

(ለአዲስ አንባብያን በራዲዮ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተጻፈ)



ይህን ንግግር በራዲዮ የሰማችሁ አሁን ደግሞ ራሳችሁ ልታነቡት ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ቃል ቢያስቸግራችሁ አትለፉት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ድገሙት።

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። መስከረም መግባቱን በምን ታውቃላችሁ? አንዱ «በአደይ አበባ» ይላል። ሌላው «ጭቃው ሲደርቅ» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ «ቤቴን ስለቀልቅ፣ ጠላዬን ስጠምቅ፣ ቄጠማ ስጎዘጉዝ» ትለን ይሆናል። ሁሉም ልክ ናቸው። ወቅት የሚታወቀው በሰማይ ብቻ አይደለም። በምጣዱ፣ በጎታውና በግድግዳውም ይታወቃል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ግን ጽፈነው አናውቅም። ዛሬ እንጽፈዋለን፤ ሥዕልም እንሥልበታለን። የምንሠራውን ነገር «የቤት የወራት ወረቀት» እንበለው።

ለምን እንጽፈዋለን?

«ወሩን በቃሌ አውቀው የለ? ለምን እጽፈዋለሁ?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ምክንያት አለን።

አንደኛው ምክንያት ፊደሉ ራሱ ነው። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር በማጣት የተማሩትን መልሰው የረሱ ብዙዎች ናቸው። እኔም ሳስተምር ይህንኑ አይቻለሁ። አንዲት ጎበዝ እናት ከኔ ዘንድ ማንበብ ተምረው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኘን። ልጃቸው ከሩቅ አገር በስልክ አጭር መልእክት ልካላቸው ኖሯል። ስልኩን ሰጡኝና «አንብቢልኝ ልጄ፤ እኔስ ጠፋኝ» አሉኝ። መልእክቱ አራት ቃል ብቻ ነበር። «እማዬ ደኅና ነኝ አታስቢ» ይላል። እኒያ እናት ሰነፍ ሆነው አይደለም። በቤታቸው ውስጥ በየቀኑ ዓይናቸው የሚያርፍበት አንድም ጽሑፍ ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጎታችን ነው። እህል በጥር ይትረፈረፋል፤ በሐምሌ ይጠፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በጥር ጊዜ ሐምሌ አይታየንም። ግድግዳ ላይ ከተሣለ ይታየናል።

ወረቀቱ እንዴት ይሠራል?

አንድ ሰፊ ወረቀት ወይም ካርቶን ፈልጉ። ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ካለ ጀርባው ይበቃል። በማስመሪያ ወይም በቀጥታ እንጨት አስምሩት። ወደ ጎን 3፣ ወደ ታች 4 ክፍል ይኑረው። 3 ጊዜ 4 ስንት ነው? 12 ነው። ከ12ቱ በታች አንድ ቀጭን ክፍል ጨምሩ። እርሷ የጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 6 ቀን ስለሆነች ትንሽ ቦታ ይበቃታል። ሌሎቹ 12 ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው።

በያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር አድርጉ። ከላይ የወሩን ስም ጻፉ። ከመካከል አንድ ሥዕል ሣሉ። ከታች አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

«ቀለም ከየት ይመጣል?» እንዳትሉ። ጥቁሩ ከሰል ነው። ቀዩ ቀይ አፈር ነው። ቢጫው እርድ ነው። ወንፊት ላይ ነፍታችሁ በጥቂት ውኃ በጥብጡት። ትንሽ የግራር ሙጫ ቢገባበት ወረቀቱን ይይዛል። የጥንት የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር።

«ሥዕል አልችልም» የሚል ካለ ልጆቹን ይጥራ። በእንቁጣጣሽ ዕለት አበባና ፀሐይ በወረቀት ሥለው በየቤቱ የሚያድሉት እነርሱ አይደሉም? ልጁ ይሣል፤ እናንተ ጻፉ። ፊደል ያልቆጠሩ አያት በቤት ካሉ ደግሞ ሥዕሉን ያነባሉ፤ ቀስ እያሉም ከሥሩ ያለውን ቃል ይለምዱታል።

አራቱ ወቅቶች

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅቶች አሉት። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እንግዲህ አዲሱ ዓመት የሚገባው ክረምቱ ገና ሳያልቅ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ደጋና ቆላ አንድ አይደለም። በቦረናና በሶማሌ ምድር ዋናው ዝናብ የሚዘንበው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደግሞ በልግ የሚዘራበት ስፍራ አለ። ስለዚህ እኔ ያልኩትን ብቻ አትጻፉ። በደጃችሁ የምታዩትን ጻፉ። እኔ የምነግራችሁ ለምሳሌ ያህል ነው።

በየወሩ ምን እንጻፍ?

መስከረም። ሥዕሉ አደይ አበባ ይሁን። ፀሐይ ስለምትወጣ ጋቢውና ፍራሹ ወደ ውጭ ይወጣል። እሸት በቆሎ ይቀቀላል፣ ይጠበሳል። መስከረም 17 መስቀል ነው። «በመስከረም መኝታችንን ፀሐይ እናስመታለን» ብላችሁ ጻፉ።

ጥቅምት። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ ብርዱ ጽኑ ነውና። ሣር ስለጠገቡ ላሞች ወተት ይሰጣሉ። ቅቤ የሚነጠረውና ለዓመቱ የሚቀመጠው በዚህ ጊዜ ነው። ሥዕሉ የመናጫ ቅል ይሁን።

ኅዳር። ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» የሚባልበት ቀን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኃይለኛ ጉንፋን ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው በዚህ ቀን ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል። መጥረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ፕላስቲክ አታቃጥሉ፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል። ሥዕሉ መጥረጊያ ይሁን።

ታኅሣሥ። እህል ይታጨዳል፣ ይወቃል። የጤፍ ጭድ ስለሚገኝ ለምርጊት ጥሩ ጊዜ ነው። ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረግጣችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። ከዚያ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ምረጉ። ትኋንና ቁንጫ የሚደበቁት በስንጥቅ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ውድማ ይሁን።

ጥር። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሠርጉም ይበዛል። እህል ወደ ጎታ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከተጨፈለቀ ገና ነው። ሥዕሉ ጎታ ይሁን፤ እስከ አፉ የሞላ።

የካቲት። ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ዛላ በርበሬ ይሰጣል፣ ይቀነጠሳል፣ ተደልዞ እንደገና ይደርቃል፣ ይፈጫል። ሽሮም ይሰናዳል። የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ይህን ሥራ ወደ ሰኔ አታሻግሩት። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል። አንዳንድ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። ብታጥቡትም ብታበስሉትም አይለቅም። የሻገተ በርበሬ፣ የሻገተ በቆሎ ወይም የሻገተ ለውዝ አትብሉ። ሥዕሉ ቀይ በርበሬ ይሁን።

መጋቢት። በብዙ ስፍራ ምንጭ ይቀንሳል። የውኃ ዕቃ በየጊዜው ይታጠብ፣ ይከደን። የሚጠጣው ውኃ ይፍላ። ሥዕሉ እንስራ ይሁን።

ሚያዝያ። ፋሲካ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በዚህ ወር ነው። ሥዕሉ ዶሮ ይሁን።

ግንቦት። ግንቦት 1 ልደታ ነው። በብዙ ስፍራ ጎረቤት በአንድነት ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስንዴና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፉ። ጠዋት ውኃውን ድፉ። በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ ቀቅሉ። ጨው በመጨረሻ ጨምሩ። በዚሁ ወር የጣሪያው ክፍተት ይደፈናል፤ የጎርፍ ቦይ ይቆፈራል፤ ደረቅ ማገዶ ይገባል። ሥዕሉ ቤት ይሁን።

ሰኔ። ገበሬው ያርሳል፣ ይዘራል። በጓሮ ጎመን ይተከላል። ሥዕሉ ማረሻ ወይም ጎመን ይሁን።

ሐምሌና ነሐሴ። አባቶች «ሐምሌን በብጣሪ፣ ነሐሴን በእንጥርጣሪ» ይላሉ። ጎታው ተሟጦ የተበጠረውና የተንጠረጠረው የሚበላበት ጊዜ ነው ማለታቸው ነው። የጓሮው ጎመንና ድንች የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሙልሙል ይጋገራል። ለነሐሴ ሙልሙል ሣሉ። ለሐምሌስ?

ቅድም ያነሣኋቸው እናት ወረቀታቸውን ከኔ ጋር ሲሠሩ ለሐምሌ ምን ሣሉ መሰላችሁ? ክዳኑ የተከፈተ ባዶ ጎታ። «ምነው እንዲህ ሣሉ?» አልኳቸው። «ይህን እያየሁ በጥር እህል ለመሸጥ እጄ አይቸኩልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እህል በጥር ርካሽ ነው፤ በሐምሌ ይወደዳል። በርካሽ የሸጠ ሰው በውድ ይገዛል።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ቤተሰብ በቀን 2 ኪሎ እህል ይበላል እንበል። በወር 2 ጊዜ 30፣ ማለትም 60 ኪሎ ይሆናል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ 3 ወር ናቸው። 60 ጊዜ 3 የሚሆነው 180 ኪሎ ነው። ለጳጉሜን 5 ቀን 10 ኪሎ ጨምሩ። ድምሩ 190 ኪሎ ነው። ይኸውም 10 ኪሎ የጎደለው 2 ኩንታል ነው። ይህን ቁጥር በጥር ክፍል ውስጥ ጻፉት። «ይህ የክረምት ነው፤ አይሸጥም» በሉ። የእናንተ ቤት በቀን ስንት ኪሎ እንደሚበላ ራሳችሁ ሰፍራችሁ እወቁ።

ጳጉሜን። ቤት ይለቀለቃል። ልጆች የእንቁጣጣሹን አበባ ይሥላሉ። አሮጌው ወረቀት ይወርዳል፤ አዲሱ ይሰቀላል።

በየዓመቱ የሚለዋወጡ በዓላት

አንዳንድ በዓላት ቦታቸውን ይለውጣሉ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይውልም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ረመዳንና ዒድ የሚቆጠሩት በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። ስለዚህ እነዚህን በእርሳስ ጻፏቸው፤ በሚመጣው ዓመት ጠፍተው እንደገና ይጻፋሉ።

የት ይሰቀል?

ወረቀቱን ጢስና ዝናብ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይሁን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ። አንድ ወር ባል፣ አንድ ወር ሚስት፣ አንድ ወር ልጅ ያንብብ። በወሩ መጨረሻ አንድ ቃል ጨምሩበት። «ዝናቡ ዘገየ»፣ «ነቀዝ ገባ»፣ «በርበሬው አማረ» ብላችሁ ጻፉ። የዘንድሮው ጽሑፍ ለሚመጣው ዓመት መካሪ ይሆናችኋል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። 13ቱንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትድከሙ። አሁን ያለንበትን ወር ክፍል ብቻ ሥሩ። አንድ ስም፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ፊደሉ ቢጣመም አትፈሩ፤ ጎረቤት ካነበበው ልክ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።

ጥያቄዎች

1. እህልን ወደ ጎታ ከማስገባታችን በፊት መድረቁን በምን እናውቃለን?
2. የሻገተ በርበሬ ቢበስልም የማይበላው ለምንድን ነው?
3. የእናንተ ቤተሰብ ለሰኔ፣ ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለጳጉሜን ስንት ኪሎ እህል ያስፈልገዋል? አስልታችሁ ጻፉ።