የተጎዳ ፈረስ ቤት እስኪያገኝ

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ፈረስ ሰውን ካሰበበት ማድረሱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሌላውን ሲያደርስ የኖረው እንስሳ ራሱ ሲያረጅ፣ ሲታመም ወይም ባለቤቱ ሲቸገር ወዴት ይደርሳል? በዚህ ጽሑፍ ለተጎዱ ፈረሶች የተቋቋሙ ማዕከሎች እንስሳውን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ እንዴት እንደሚንከባከቡና በመጨረሻም ለአዲስ አሳዳሪ እንዴት እንደሚሰጡ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም የብሪታንያን ልምድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1911 አዳ ኮል የተባሉ እንግሊዛዊት በቤልጅየም አገር በአንትወርፕ ወደብ ሳሉ፣ ዕድሜያቸውን በሥራ የጨረሱ የእንግሊዝ ፈረሶች ከመርከብ እየወረዱ ወደ ቄራ ሲነዱ ተመለከቱ። እኚህ ሴት ባዩት ነገር አዝነው ብቻ አልቀሩም፤ ለብዙ ዓመታት ከታገሉ በኋላ በ1927 ለፈረሶች የሚከራከር ማኅበር መሠረቱ። እርሳቸው በ1930 ቢሞቱም ትግሉ ቀጥሎ፣ በ1937 ፈረሶችን ወደ ውጭ አገር መላክን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ማኅበሩ ከ2008 ጀምሮ «ወርልድ ሆርስ ዌልፌር» በሚለው ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ በእንግሊዝና በስኮትላንድ የማገገሚያ እርሻዎች አሉት።

የመጀመሪያው ደረጃ መቀበል ነው። አንድ ፈረስ ወደ ማገገሚያ ማዕከል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። አንደኛው፣ ባለቤቱ በሕመም፣ በሥራ ማጣት ወይም በሌላ ችግር ምክንያት ሊያኖረው አለመቻሉን ገልጦ በፈቃዱ ሲያስረክብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤት ወይም መንገደኛ የተጎዳ ፈረስ አይቶ ሲያመለክት ነው። በዚህ ጊዜ የማኅበሩ ሠራተኛ ወደ ቦታው ሄዶ የእንስሳውን ሁኔታ ያያል፤ ችግሩ በምክር የሚቃና ከሆነም ባለቤቱን ይመክራል እንጂ ፈረሱን ለመውሰድ አይቸኩልም። ምክር ካልሠራ ግን ነገሩ ወደ ሕግ ይሄዳል። በ2006 ለእንግሊዝና ለዌልስ በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ ፈረሱ እየተሠቃየ መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ሲያረጋግጥ ፖሊስ ወይም ሥልጣን ያለው ተቆጣጣሪ ሊወስደው ይችላል። ማኅበሩ ራሱ ይህ ሥልጣን የለውም፤ የእርሱ ድርሻ ማመልከትና የተወሰደውን ፈረስ ተቀብሎ ማኖር ነው።

አዲስ የመጣ ፈረስ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ከአገጭ ሥር ያሉትን ዕጢዎች የሚያሳብጥና መግል የሚያስቋጥር ተላላፊ በሽታ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለጥቂት ሳምንታት ተለይቶ ይቆያል። ይህ በሽታ በውሃ መጠጫ ባልዲ ወይም በጠባቂው ልብስ ሳይቀር ከጋጣ ወደ ጋጣ ይዛመታል። ስለዚህ የፈረሱ ሙቀት በየቀኑ ይለካል። ሰውነቱም ይመረመራል፤ አንገቱ፣ የጎድን አጥንቱና ዳሌው በእጅ ተዳስሶ ከ0 እስከ 5 የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል። 0 ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀ፣ 5 ደግሞ ከልክ በላይ የወፈረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ እንክብካቤ ነው። ርኅራኄ ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አጥንቱ የገጠጠ ፈረስ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው እህል በገፍ አቅርቦ ማጥገብን ነው። ይህ ደግ ሐሳብ ግን ፈረሱን ሊገድለው ይችላል። ለምን ቢባል፣ ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል የገዛ ስቡንና ጡንቻውን እየበላ ይቆያል። በድንገት እንደ ገብስና እንደ አጃ ያለ እህል በብዛት ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ በዚህም የተነሣ ፎስፈረስ፣ ማግኒዝየምና ፖታስየም ከደሙ እየወጡ ወደ ሕዋሳት ይገባሉ። ደሙ እነዚህን ማዕድናት ሲያጣ የልብና የሳንባ ሥራ ይታወካል፤ እንስሳውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በራብ ያልሞተው ፈረስ በጥጋብ ሞተ ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የተካሄደ ጥናት፣ ለተራበ ፈረስ የሚበጀው የአልፋልፋ ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መስጠት መሆኑን አመልክቷል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየ4 ሰዓቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ይሰጠዋል፤ ከዚያም እስከ 10ኛው ቀን ድረስ መጠኑ ቀስ እያለ ይጨመራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ፈረሱ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ለመመለስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

በእነዚያ ወራት ውስጥ ሌላም ሥራ አለ። የሾለው የጥርሱ ጠርዝ በሞረድ ይስተካከላል፤ ሰኮናው በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ይከረከማል፤ ለወስፋትም መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ የተመታ ፈረስ እጅ ሲነሣ ይደነግጣልና፣ ጠባቂው በትዕግሥት እየዳሰሰ፣ በልባብ እየመራ እንደገና ሰውን እንዲያምን ያደርገዋል። ሥቃዩ የማይድን ሆኖ ሲገኝ ግን ሐኪሙ ተጨማሪ ሥቃይ ሳይደርስበት ሕይወቱ እንዲያልፍ ያደርጋል። ይህ ለጠባቂዎቹ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ደረጃ አዲስ አሳዳሪ ማግኘት ነው። ፈረስ ልፈልግ ያለ ሰው ሁሉ ፈረስ አይሰጠውም። በቅድሚያ የግጦሽ መሬቱ፣ አጥሩ፣ ጋጣውና ልምዱ ይታያል። ገና ግልቢያ ለሚማር ሰው ግልፍተኛ ፈረስ አይሰጥም፤ ለመጋለብ አቅም ያነሰው ፈረስ ደግሞ ለሌላ ፈረስ ጓደኛ እንዲሆን ይሰጣል። ብዙ ማዕከሎች ፈረሱን የሚሰጡት በሽያጭ ሳይሆን በአደራ ነው። አሳዳሪው ፈረሱን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ በውል ይገባል፤ የማዕከሉ ሰዎችም በየጊዜው እየሄዱ ይጎበኙታል። አሳዳሪው ቢቸገር ፈረሱ ወደ ማዕከሉ ይመለሳል እንጂ ሜዳ ላይ አይጣልም።

አንዳንድ ሰው «የዳነውን ፈረስ እዚያው ቢያኖሩት ምን አለበት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ፈረስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ የጋጣው ቁጥር ግን የተወሰነ ነው። የዳነው ሁሉ እዚያው ቢቀር፣ ነገ በራብ ተጎድቶ ለሚመጣው ቦታ አይገኝም። በመሆኑም አንድ ፈረስ ድኖ ከበሩ ሲወጣ፣ በዚያው በር ሌላው ይገባል።

መልመጃ

1. «በራብ ያልሞተው ፈረስ በጥጋብ ሞተ ማለት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።

2. ጸሐፊው ምክንያትንና ውጤትን ለማያያዝ የተጠቀመባቸውን ቃላትና ሐረጎች አውጥታችሁ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

3. በአካባቢያችሁ የጋሪ ፈረስ ወይም የጭነት አህያ ሲታመምና ሲያረጅ ምን እንደሚደረግለት ጠይቃችሁ፣ በሦስት አንቀጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ።