ልጃችሁ ነርስ መሆን ትፈልጋለች? ፈተናውን ድጋሚ ስለ መውሰድ

በአሜሪካ አገር 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የደረሰችና ነርሲንግ መማር የምትፈልግ ልጅ ካለቻችሁ፣ «ኤስ ኤ ቲ አንድ ጊዜ ወስጃለሁ፣ ለመግባት ይበቃኛል» ልትላችሁ ትችላለች። ለመግባት ይበቃ ይሆናል። ክፍያውን ለማቅለል ግን ይበቃል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው።

ዛሬ ብዙ ኮሌጆች ያለ ፈተና ውጤት ተማሪ ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ ግን ለጎበዝ ተማሪዎች የሚሰጡትን ስኮላርሺፕ ሲያከፋፍሉ ነጥቡን ይመለከታሉ። ለምሳሌ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ኮሌጅ ያለው ሲሆን፣ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን ገንዘብ ከሀይስኩል ውጤትና ከፈተና ነጥብ ጋር አያይዞ አስቀድሞ ያሳውቃል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ከፍ ወዳለው የገንዘብ እርከን ለመድረስ የጎደለው ጥቂት ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በአራት ዓመት ይባዛል።

ድጋሚ መውሰድ እንዴት ይጠቅማል?

ኤስ ኤ ቲ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ንባብና ጽሕፈት እንዲሁም ሂሳብ። እያንዳንዱ እስከ 800፣ በድምሩ 1600 ይያዛል። ልጃችሁ በመጋቢት በንባብ 580፣ በሂሳብ 520 አገኘች እንበል፤ ድምሩ 1100 ነው። በነሐሴ ደግማ በንባብ 550፣ በሂሳብ 610 ብታመጣ ድምሩ 1160 ይሆናል። ብዙ ኮሌጆች ግን ከየጊዜው የተሻለውን ክፍል ወስደው 580ና 610ን ይደምራሉ፤ 1190 ማለት ነው። ይህ አሠራር ሱፐርስኮር ይባላል። ስለዚህ በሁለተኛው ጊዜ በደከመችበት ክፍል ላይ ብታተኩር ያዋጣታል።

ከመመዝገባችሁ በፊት

1. ኮሌጁ ለስኮላርሺፕ ሱፐርስኮር ይቀበል እንደሆነና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ።
2. ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ፣ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ እንዳለ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ።
3. ያለ ልምምድ መድገም ብዙም አይለውጥም። ካን አካዳሚ ላይ በነፃ መለማመድ ይቻላል።

አንድ ማሳሰቢያ

የስኮላርሺፑን መጠን ብቻ አትዩ፤ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ክፍያ አወዳድሩ። አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪዋን በቀጥታ ነርሲንግ ውስጥ ያስገባሉ፤ ሌሎች ግን ከመሰናዶ ኮርሶች በኋላ እንደገና እንድታመለክት ይጠይቃሉ። ስኮላርሺፑን ለማሳደስም ብዙውን ጊዜ የተወሰነ የኮሌጅ አማካይ ውጤት ይጠየቃል፤ አናቶሚና ኬሚስትሪ ደግሞ ቀላል አይደሉም።

በጉባኤያችሁ ነርሶች ካሉ ልጃችሁን አገናኟት፤ መንገዱን አልፈውበታልና። የምትፈልገው እርከን ላይ ከደረሰች በኋላ ግን ፈተናው ይብቃት። የቀረውን ጊዜ ለክፍል ትምህርቷና ለዕረፍቷ ተዉላት።