ድምፃችን የሚወጣበት መስመር፦ የቤት ኢንተርኔት አፕሎድና የጥሪ ጥራት

በኢንተርኔት ሲደዋወሉ አንዱ ወገን ሁሉን ጥርት አድርጎ እየሰማ፣ ሌላው «ሄሎ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ልጅ ባሕር ዳር ያሉትን እናቷን አንድ ቃል ሳይቀር ትሰማለች፤ ለእናት የሚደርሳቸው ግን የልጃቸው ንግግር ግማሹ ብቻ ነው። ጥፋቱ ወዲያው በአገር ቤት ኔትወርክ ላይ ይላከካል። እንዲህ ባለ ጥሪ ግን አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት የልጅቱ ቤት አፕሎድ ነው። እሷ የምትሰማው በዳውንሎድ በኩል ነው፤ የምትናገረው ግን በአፕሎድ በኩል ይወጣል፤ ሁለቱ ግን እኩል ስፋት የላቸውም።

እኩል ያልሆኑት ከአሠራራቸው ነው። በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ለአፕሎድ የሚተወው ከ26 እስከ 138 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ጠባብ የሞገድ ክልል ሲሆን፣ እስከ 1,104 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ቀሪውን ለዳውንሎድ ይሰጣል። በዚህም ዳውንሎዱ እስከ 8 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲደርስ አፕሎዱ ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ኬብል ላይም አፕሎድ ለረጅም ጊዜ የተወሰነው ከ5 እስከ 42 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ነው። መስመሮቹ ሲነደፉ ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚቀበለው ይበዛል ተብሎ ታስቦ ነበር። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ራሱ በ2015 ፈጣን ኢንተርኔት ብሎ የወሰነው 25 ሜጋ ቢት ዳውንሎድና 3 ሜጋ ቢት አፕሎድ ነበር፤ ወደ 100 እና 20 ከፍ ያደረገው በ2024 ነው። በፋይበር ግን ሁለቱን እኩል ማድረግ ይቻላል።

ድምፅ በራሱ ብዙ አይፈልግም። ከ1972 ጀምሮ ያለው ጂ 711 የተባለው የድምፅ ኮድ 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚላከው እያንዳንዱ ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) የሚሸከመው አድራሻ ሲደመርበት 80 ይሆናል። በ2012 የወጣው ኦፐስ ደግሞ በ6 ኪሎ ቢት እንኳ ይሠራል። በሂሳቡ ከሄድን 1 ሜጋ ቢት አፕሎድ ከአሥር ጥሪ በላይ ይችላል። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?

መልሱ ፓኬቶች ለመውጣት ተራ በሚጠብቁበት ሰልፍ ውስጥ ነው። ልጅቱ እያወራች ሳለ ስልኳ ትናንት የቀረፀችውን ቪዲዮ በራሱ ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። ፋይል የሚልክ ፕሮግራም መስመሩ እስኪሞላ ድረስ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ሞደሙም የተረፈውን ፓኬት ሳይጥል ያከማቻል። 256 ኪሎ ባይት የሚያከማች ሞደም በ1 ሜጋ ቢት አፕሎድ ላይ ሲሞላ፣ ከኋላ የደረሰ የድምፅ ፓኬት ሁለት ሰከንድ ያህል ተራ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ ጥሩ የሚለው መዘግየት እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከ400 በላይ የሆነውን አይቀበልም። ፋይል ቢዘገይ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ግን ይጣላል። ጭራሽ ባይጣል እንኳ ሁለቱ ሰዎች እኩል መናገር ይጀምራሉ፣ «እሺ ቀጥይ» ይባባላሉ፣ መልሰው እኩል ዝም ይላሉ። የናፈቀ ሰው ለሚያወራው ወሬ ይህ ከመቆራረጡ የባሰ ነው ባይ ነኝ።

ጂም ጌቲስ የተባለው መሐንዲስ በ2010 ከቤቱ ወደ ኤም አይ ቲ ፋይል ሲልክ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሄድ አይቶ ችግሩን «በፈርብሎት» ብሎ ሰየመው። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ሰልፉ ከመርዘሙ በፊት የሚቆጣጠር ኮደል የተባለ ዘዴ አወጡ። ከእሱ የተወለደው ኤፍኪው ኮደል ድምፅን ከፋይል ለይቶ ስለሚያሰልፍ ዛሬ በብዙ ራውተሮች ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው አይሠራም።

ቤቱ ውስጥ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም፣ እንደ ብዙው የአገራችን ቤተሰብ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው። የኔትወርክ ማማው በአሥር በሚቆጠሩ ዋቶች ሲያሰራጭ የእጅ ስልክ ከፍተኛ ጉልበት 0.2 ዋት ገደማ ነው። ከማማው ሲርቁ ወይም ግድግዳው ሲወፍር ቀድሞ የሚደክመው አፕሎዱ ነው፤ ወደ መስኮት መጠጋት የሚረዳውም ለዚህ ነው።

የጥሪ ችግር ሁሉ ግን ከፍጥነት አይመጣም። በኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል፤ እዚያ ያሉ እህቶቻችን አፕሎድ ቢጨምሩም ያን አይፈታላቸውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ቪዲዮ እየጫናችሁ ለቅርብ ሰው ደውሉና ድምፃችሁ እንዴት እንደሚደርሰው ጠይቁት። የሚበላሽ ከሆነ በጥሪ ሰዓት የፎቶና የቪዲዮ ምትኬውን አቁሙ፣ ራውተሩ ላይም ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠውን ማስተካከያ ክፈቱ። ኢንተርኔት ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ስለ ዳውንሎዱ ነግሯችሁ ሲጨርስ፣ «አፕሎዱስ ስንት ነው?» በሉት።